ይንዳ ያሉት ሐኪሞች

አምቦ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለዶክተር ሄቨን፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጎንደር ብርድ በረታ ሲሉ ሰምቼ ጋቢ ልኬልሻለሁ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም በሕይወት አለ። በስልክ ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ ብዬ ነው መጻፌ።

ክረምት ላይ አባትሽ ሚኒባሱን ሲያጥብ አረፋ ደፍቆ ወደቀ። ለሄቨን እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው አለና ኪኒን ጻፈ፤ ሥራው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። ሹፌር መሆኑን ነግሬ መንዳት ይችል እንደሆነ ብጠይቀው፣ በአንቺታ፣ የመኪናውን ነገር ትራንስፖርትን ጠይቂ አለኝ። ትራንስፖርት ቢሮ ብሄድ ሐኪም ይወስን አሉኝ። ሌላ ክሊኒክ ወሰድኩት። ያኛው ደረቱን አዳመጠና፣ "ይንዱ፤ ሲያዞርዎ ዳር ይያዙ" አለው። ሲጥለው ዳር የሚይዝ ሰው የት አይቶ ይሆን? ግድግዳው ላይ የሰቀለው ዲግሪ ለጌጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከወንጪ ሲመለስ መሪው ላይ እንዳለ በሽታው ጣለው። መኪናው ቦይ ገብቶ ተገለበጠ። የእሱ ክንዱ ነው የተሰበረው። የጎረቤታችን የኦቦ ሌንጂሳ ልጅ ጊፍቲ ግን ጋቢና ነበረች፤ አንድ እግሯን ቆረጡት። ያ የመጀመሪያው ሐኪም ሆስፒታል አገኘኝና፣ "ይህን በሽታ ይዞ ማን ንዳ አለው?" ብሎ ተቆጣኝ። አየት አድርጌው አለፍኩ።

ኦቦ ሌንጂሳ አባትሽን ሊጠይቁት መጡ። አልጋው ላይ ሆኖ አለቀሰ። "ሐኪሞቹ አያውቁም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሕመሜን ከልጄ ደበቅኩ። ሄቨን ብትሰማ ኖሮ ከመሪው ጎትታ ታወርደኝ ነበር" አላቸው። ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ይህንኑ ይላል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ሐኪም ቤት በተመላለስንበት ሰሞን ከአባትሽ ተደብቄ ደውዬ ሕመሙን ነግሬሽ ነበር። ተረኛ ነበርሽ፤ ቸኩለሻል። "እማ፣ ኪኒኑን ይዋጥ እንጂ ምንም አይሆንም፣ ይንዳ" አልሽኝ። መከልከሌን የተውኩት ያን ጊዜ ነው። ለአባትሽ አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም።

ለገና ትመጫለሽ ብሎ እየጠበቀሽ ነው። ስትመጪ እሱ ዘንድ ከመግባትሽ በፊት ኦቦ ሌንጂሳ ቤት ግቢ።

መድኃኔዓለም እጅሽን ይባርክልሽ። አላውቅም የሚል አንደበትም ይስጥሽ።

እናትሽ ዘቢደር