ልብስ ሰፊዋ የነገረችኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትሽስ ያንን ሁሉ ደረጃ እንዴት እየቻለው ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ደህና ከተባለ። ብቻ በምን ዓይኔ እንደማይሽ አላውቅም።

ደረጃ የሌለው ቤት ገዛሁልሽ ብዬ የደወልኩልሽ ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ እንዳወራሽ እህቴ ነግራኛለች። ዕቃም መሸከፍ ጀምረሻል አሉ። እንግዲህ ከመምጣትሽ በፊት ቤቱን እንዴት እንደገዛሁት ስሚኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ ቤት እየገዙ መሸጥ ነው። ሻጩ ዋጋ ሲጠራ እኔ ግማሹን እላለሁ፤ እንዳያባርረኝ ደግሞ የቤቱን ጉድለት አንድ በአንድ እዘረዝርለታለሁ። ጉድለቱን አብጠርጥሮ የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ሳይሆን ተከራዩ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማንኳኳው የተከራዩን በር ነው።

እዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት የኖረችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት፣ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር። ገዢው ያስወጣኛል ብላ ፈርታ ነበር። አይዞሽ አልኳት፤ ችግሩን ካሳየሽኝ ገዝቼ አሳድሰዋለሁ፣ አንቺም እንደኖርሽ ትኖሪያለሽ አልኳት። አመነችኝ እማዬ። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ክፍል ለክፍል አስከትላኝ ዞረች። ቁም ሳጥኑን ራሷ ገፍታ ከጀርባው ያለውን ስንጥቅ አሳየችኝ። ጣራው የት የት እንደሚያፈስ፣ የትኛው ግድግዳ ውሃ እንደሚስብ፣ ሁሉንም ዘረገፈችልኝ። እኔም ሄጄ ለሻጩ ዘረገፍኩለት። ሽማግሌ ነው፤ ይህን ሁሉ ማን ነገረህ አለና አንገቱን ደፍቶ ፈረመ። ጉድ እኮ ነው፣ የዚያን ቀን እያፏጨሁ ነበር ቤቴ የገባሁት።

በሳምንቱ የማስለቀቂያ ወረቀት ይዤላት ሄድኩ። ምክንያቱ ምን ይላል መሰለሽ? ግድግዳው የተሰነጠቀና ጣራው የሚያፈስ በመሆኑ ለመኖሪያ አስጊ ነው ይላል። የራሷን ቃል ነው የጻፍኩባት። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። ብትሰድበኝ በተገላገልኩ። ማን ሊገባበት ነው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። እናቴ አልኳት።

«እንግዲያው አልጋቸውን በመስኮቱ በኩል እንዳያደርጉት» አለችኝ፤ «ሲዘንብ እዚያ ጋ ይረጥባል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያኔም ግን ቆዪ ለማለት አፌ አልተፈታም። ለእናቴ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ እንጂ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ወረቀቱን እፊቷ ለመቅደድ አፍሬ ነው። አሁን እህቷ ዘንድ ሦስቱም አንዲት ክፍል ውስጥ ተጣበው እንዳሉ ሰማሁ። ቤቱ ባዶውን ተቀምጧል። ሠራተኛ ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ።

ቁልፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቤቱ በስምሽ ነው፤ ማን ይግባበት የምትይው አንቺ ነሽ፣ እኔ አንድ ቃል አልናገርም። የልብስ ሰፊዋን ስልክ ቁጥር ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ። እኔ ስደውል አታነሳም።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ለእኔ ምርቃቱ ይቆየኝ።

አንቺ ያሳደግሽው
ልጅሽ