ኖራ ይዘው የመጡ እመቤቶች

ቡታጅራ፣ ነሐሴ ፲፪፣ ጠዋት
ዛሬም ስብሰባ። የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበራችን። ሁላችንም ሃምሳን የተሻገርን፣ ልጆቻችንን ድረን ሥራ የፈታን። ሊቀመንበራችን ወ/ሮ የሺ ነጭ ጓንት አጥልቃ መጣች። በክረምት ጭቃ! የአውራጃው ገዥ ሊጎበኙን ስለሆነ ከተማውን እናጸዳለን አለች። መጥረጊያውን ማን እንደሚይዝ አልተነሳም። ፎቶግራፍ አንሺው ግን ተጠርቷል። ያለ ፎቶግራፍማ ምን ጽድቅ አለ፣ ማስታወሻዬ?

ነሐሴ ፲፬
ጉንፋን። ጽዳቱ አመለጠኝ። አልቆጨኝም።

ነሐሴ ፲፭፣ ከቀትር በኋላ
ቆጨኝ! የሆነውን ስሚ። ጎረቤቴ እማማ ብርቄ ልጇን ልትጠይቅ እዚሁ አጠገባችን ቆሼ ከተማ ሄዳለች። እመቤቶቹ ከጓሮዋ ሽታ መጣባቸው። ኮባ የለበሰ፣ ድንጋይ የተጫነው ጉድጓድ አገኙ። ቆሻሻ መጣያ ነው አሉ። አስከፈቱት፤ አፍንጫቸውን ይዘው ኖራ አስደፉበት። ከዚያ ፎቶግራፍ።
ቆጮ ነበር! ለመስቀል ብላ ቀብራ ያቆየችው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ልጆቿ ዓመቱን ሙሉ የሚያልሙት። ሃያ ዓመት እዚህ አገር ቆጮ በክትፎ የበሉ ሴቶች፣ ቆጮ ከየት እንደሚወጣ አያውቁም። በሳህን ከሰማይ የሚወርድ መስሏቸዋል።

ነሐሴ ፲፰
እማማ ብርቄ ተመለሰች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ። እንባ የለም። ኖራውን በጣቷ ነካ አድርጋ አየችና፣ «እትዬ አልማዝ፣ ሳልሰማ ሞቼ ነው እንዴ መቃብሬን የለሰኑት?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ወዲያው አፈርኩ። ለመስቀል አትምጡ ብላ ለልጆቿ መልእክት ልትልክ ነው። ባዶ ቤት አልጠራቸውም አለች።

ነሐሴ ፳
ወ/ሮ የሺ ዘንድ ሄድኩ። ደነገጠች? የት አባቷ! ሽታው ለጤና ጠንቅ ነበር አለች። ማኅበሩ ብርድ ልብስ ይሰጣታል፣ ገዥው ፊት። ብርድ ልብስ ይጋገራል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሻይ አስቀዳችልኝ። አልጠጣሁላትም። (ብስኩቱን ግን በላሁ።)

ነሐሴ ፳፪
የሰፈሩ ሴቶች ተማከሩ። ከየጓሯቸው እንሰት ያወጣሉ፤ በደቦ ፍቀው፣ ከየራሳቸው ጉድጓድ የበሰለ ቆጮ ይቀላቅሉበታል። የድሮውን አያህልም፤ ለመስቀል ግን ይደርሳል። ሊቀመንበር የለም። ስብሰባ የለም። እኔም ልምጣ አልኩ። እማማ ብርቄ ከላይ እስከ ታች ገረመመችኝ፤ «እጅሽን እንጃ፣ ምላስሽ ግን ሦስት እንሰት ይፍቃል!» ከተመለሰች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ። መልእክቱንም አስቀርታዋለች፤ ልጆቿ ይምጡ።

ነሐሴ ፳፫፣ ጠዋት
ገዥው ዛሬ ይገባሉ። ብርድ ልብሱ ተጣጥፏል፤ ተቀባይዋ እንሰት ሥር ናት። ወ/ሮ የሺ ሰው ላከችብኝ፦ የማኅበሩን ሪባን አጥልቀሽ ፊት ቁሚ። ሪባኑንስ ታጥቄዋለሁ፤ ቀሚሴን ወደ ላይ ሸብ አድርጌበታለሁ፣ ለፍቂያው እንዲመቸኝ። ከማኅበሩ መውጣቴን ራሷ በላከችው ሰው ነግሬያታለሁ።
እማማ ብርቄ ከአጥር ማዶ እየጮኸች ነው። አልማዝ! አልማዝ! ትላለች። «እትዬ» ቀርታለች። እየመጣሁ ነው!