ጯሂው ዘፋኝህ በለሆሳስ

ውድ ወንድሜ ስዩም፣

«ይድረስ» ብዬ እንዳልጀምር የሚያደርስልኝ የለም። ቢሆንም ካንተ ጋር ያልጨረስኩት ጭቅጭቅ አለኝ፤ እሱም የዚያ የፈረንጅ ዘፋኝህ ነገር ነው።

መቼም መርሳ ውስጥ አንተን የማያውቅ አልነበረም። ባጃጅህ ገና ከመናኸሪያው ሳትወጣ ጩኸቷ እኛ ቤት ይደርሳል። ሌላው ሾፌር የአገሩን ዘፈን ሲከፍት አንተ ያንን ጸጉራም ሮከር ትለቅብናለህ። እማዬ «ያ እብድ» ነበር የምትለው። «ምን አድርገውት ነው እንዲህ የሚያስጮኹት?» ስትልህ ትስቃለህ። እኔ ግን አልስቅም ነበር፤ ባንተ የተነሳ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሰው ይጠቋቆምብኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማችን በተያዘች ሰሞን ጎረቤታችንን ቡርቱካንን ምጥ ያዛትና ጭነሃት ወደ ወልድያ ልትወጣ ተነሳህ። «ተው፣ መንገዱ ደህና አይደለም» አልኩህ። «ታዲያ እዚህ ትሙት?» ብለኸኝ ሄድክ።

አብዱልጀሊል ነው የነገረኝ። ያ ጓደኛህ ከሲሪንቃ በእግሩ መጥቶ፣ በጓሮ በኩል ጠርቶኝ፣ ስልክህን እጄ ላይ አስቀመጠ። ቡርቱካንን በሰላም አድርሰህ ስትመለስ ሲሪንቃ አጠገብ የከባድ መሣሪያ አረር መንገድ ላይ እንደወደቀብህ፣ እሱና የአካባቢው ገበሬዎች እዚያው ቤተ ክርስቲያን እንደቀበሩህ ነገረኝ። «ወላሂ ውባለም፣ በገዛ እጄ ነው አፈር ያለበስኩት» አለ። ቀጠለና «ለእናትሽ ለእማማ ደብሪቱ አሁን እንዳትነግሪያቸው። መንገድ ይከፈት፣ አጎትሽ ይምጡ፣ ሽማግሌ ይሰብሰብና በወጉ ይረዱ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሰሞን ለመርዶ የሚሰበሰብ ሰው ከየት ይመጣል? ግማሹ ተሰዷል፣ ግማሹ በሩን ዘግቷል። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩትን ተሸክሜ ከእናቴ ጋር ማዕድ መቅረብ እንዲህ የሚከብድ መሆኑን መች አውቄ።

መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም። ስልክህን ጎረቤት ካለው ሶላር ቻርጅ አደረግሁና ፎቶህን ልይ ብዬ ስከፍተው ዘፈን ተነካብኝ። ጩኸቱ ሊወጣ ነው ብዬ ክው አልኩ፤ ደጅ ታጣቂ አለ። የወጣው ግን አንድ ጊታርና አንድ ሰው ብቻ ነው። ከበሮ የለው፣ ጩኸት የለው። አጠገብህ ተቀምጦ የሚያወራህ ነው የሚመስለው። ሽፋኑን ሳይ ያው ጸጉራሙ ነው፤ ከባንዱ ተለይቶ ለብቻው ያወጣው አልበም። ምን ዓይነት ሰው ነህ ግን? እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ ለእኛ ጩኸቱን ብቻ ታሰማን ነበር? ተናደድኩብህ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

እማዬ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ያ እብዱ ነው።»

«ልብ ገዛ እንዴ?» ብላ ተቀመጠች። «የማን ስልክ ነው?»

«የስዩም። ረስቶት ነው የሄደው።»

ስልኩን ትኩር ብላ አየችና «እስቲ ድገሚልኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ የየቀኑ ሥራችን ሆነ። ከሰዓት በኋላ ድምፁን ቀንሰን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ከቋንቋው አንድ ቃል አይገባትም፤ «ይሄማ የኛው ትዝታ ነው፣ ቋንቋ ቀይሮ ነው እንጂ» ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ «ይሄ ልጅ ሰው ሞቶበታል» አለችኝ። አሁንስ ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት «ሌላውን አሰሚኝ» አለች።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ፣ መንገዱም ተከፈተ። አጎታችን ጋሽ አያሌው «ነገ በማለዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር እመጣለሁ» ብለው ከወልድያ ላኩብኝ። ያን ቀንም እንደ ልማዳችን ዘፈኑን ከፈትኩ። ገና አንዱ ሳያልቅ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዝጊው ልጄ።»

«ምነው፣ ደከመሽ?»

«መልእክተኛውን ከጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ነገ ሰው ይመጣል አይደል?»

የስልኩን ድምፅ ይበልጥ ቀነስኩ።

«ስዩም ስልኩን ረስቶ የሚሄድ ልጅ ነው? ያኔውኑ ነው የገባኝ። ዘፈን እስከተከፈተ ድረስ ቤቴ ለቅሶ ቤት አይሆንም ብዬ ነው እንጂ። አሁን በቃ፣ ዝጊው።»

ዘጋሁት። እሷም ተነስታ፣ ደጁን ጠርጋ፣ ለእንግዶቹ መቀመጫ አሰናዳች።

ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ምንም እንዳልሰማ ሰው ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው። እነሱም በወጉ ሊያረዷት የመጡ ናቸውና ወጉን አልነፈገቻቸውም። ጋሽ አያሌው ስምህን ጠርተው ሳይጨርሱ ጮኸች። ስዩሜ፣ ያን ያህል ድምፅ እናታችን ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ስትደቃ ሦስት ሴቶች ሆነን መያዝ አቃተን።

አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። ስልክህ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ዓመትህ ሳይወጣ አልነካውም። ጭቅጭቃችንን ግን አንተ አሸንፈሃል፤ ዘፋኝህ ደህና ሰው ነው። አፈሩን ገለባ ያድርግልህ።

የማትረሳህ እህትህ
ውባለም፣ ከመርሳ