ከቋጠሮው በታች

መስከረም 28፣ ጠዋት
ሁለት ጆግ ውኃ ለጽጌረዳው። አንድ ለጎመኑ። ዝናብ ከጠፋ ሦስት ቀን።

ደብተሬ፣ ቡቃያውን ብታይልኝ። በሁለት ሳምንት ክንድ አከለ። ቅጠሉ ያብረቀርቃል። ልጄ ሰናይት በሰኔ ያዳቀለችው ነው፣ ቡሬ ግብርና ስትማር እንደለመደችው። ከጎረቤታችን ከዘይነባ ቀይ ጽጌረዳ ቁራጭ አምጥታ ከዱሩ ጽጌረዳ፣ ከቀጋ ግንድ ጋር አጣበቀችው። በላስቲክ ጠቅልላ ቋጠረችው። ለገና ቀይ ያብባል አለችኝ።

ነሐሴ ላይ ታመመች። ሳምንት ሳይሞላት ቀበርናት።

የእጇ ሥራ ግን ይኸው፣ ያድጋል።

ጥቅምት 14
ከቅዳሴ መልስ። የኑጉ ማሳ እስከ ወንዙ ድረስ ቢጫ። ቆሜ አየሁት፣ እግሬ እስኪዝል።

ቡቃያው ወገቤን አለፈ። እንዴት ያለ ጉልበት ነው። ከጎኑ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ አለች፣ መንገድ ትዘጋበታለች። በገመድ ወደ አጥሩ ሳብኳት፣ ለትልቁ ቦታ እንዲሰፋ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። እኔ ቅጠሉን ጠርጌ ከግቢው ዳር ወስጄ ለኮስኩ፣ ወላፈኑ ቡቃያውን እንዳይነካው።

አበባ ወጣ። ነጭ። የአበባው ቅጠል አምስት ብቻ። ያምራል፣ ደስ አለኝ። በኋላ ግን ከፋኝ። ሰናይት ቀይ ብላኛለች። በአበባ የምትሳሳት ልጅ አልነበረችም።

ኅዳር 20
ዘይነባ መጣች። ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ችግኝ ትሸጣለች፣ ታውቃለች። በርከክ ብላ ጣቷን ቋጠሮው ላይ አሳረፈች። ከቋጠሮው በታች የበቀለ ሁሉ ቀጋ ነው አለች፣ ይህ ነጭ ያበበውም። የልጄ ጽጌረዳ ከቋጠሮው በላይ ያለችው ናት። እኔ በገመድ ያሰርኳት ቀጭኗ።

«አንች ሴት፣ ሙሽራዋን ትተሽ ሚዜዋን ስትቀልቢ ከረምሽ?»

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፣ ስለ ሰናይት አስባ። እኔ ግን ሳቅሁ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ቀጋውን ዛሬውኑ ቁረጪ አለች፣ አለዚያ ምግቧን ወስዶ ያደርቃታል። እሺ አልኩ። መቀስ ያዝኩ። አልቻልኩም። ሰናይት ከነካችው ግንድ ላይ አረንጓዴ ነገር እንዴት ይቆረጣል።

ታኅሣሥ 2
ቀጋው እንዳለ ነው። ቀጭኗ ሁለት ቅጠል አረገፈች።

ገመዱን ፈታሁላት። ቋጠሮውን ቀርቤ አየሁት። ሰባት ዙር። አንዱ ከአንዱ አልተደራረበ፣ አልላላ፣ ክረምቱን ሙሉ ውኃ አላስገባ። ይህቺ ልጅ አራተኛ ክፍል እስክትደርስ የጫማዋን ማሰሪያ የማስርላት እኔ ነበርኩ። መቼ ተማረች? እኔ መቼ ሳላይ ቀረሁ?

ቀጋውን ቆረጥኩት። ከግንዱ ከተነሳበት።

ታኅሣሥ 29፣ ገና
አበባ የለም። የዘገየችው በእኔ ነው። ግን ሦስት አዲስ ቅጠል አወጣች፣ ጫፋቸው ቀላ ያለ። ጠዋት ስንት ጊዜ ወጥቼ አየኋቸው።

ዘይነባ እንኳን አደረሰሽ ልትለኝ መጣች። ለፋሲካ ታብባለች ትላለች። ስታብብ ቀጥፌ የሰናይት መቃብር ላይ ላኖር አስቤ ነበር። ትቼዋለሁ። የተቀጠፈ አበባ አንድ ቀን ነው። ከመቃብሯ ራስጌ፣ በቤ/ክ አጥር ላይ ቀጋ አለ፣ ትልቅ። ከጽጌረዳዋ ቁራጭ ወስጄ እዚያ አዳቅላለሁ። በራሴ እጅ።

ዘይነባ ታሳየኛለች። በሰኔ ይሁን አለችኝ፣ ዝናቡ ሲይዝ።

እስከዚያው ሰባቱን ዙር እለማመዳለሁ። የሰናይትን ጫማ ከሣጥን አወጣሁ። በማሰሪያው ነው የምለማመደው።