ካቡዋ ሳይናገር የቀረው

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኢዮቴባ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የብርቱካን ለቀማው ወገብህን አልጎዳህም? የዚያ የአውስትራሊያ ብርድስ ለመደህ? እኛ ደኅና ነን፤ እማማን ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ዛሬ የምጽፍልህ ዓመት ሙሉ የደበቅሁህን ነው። ታላቃችን ካቡዋ ባሕር ላይ የቀረው ማዕበል መትቶት ነው ብዬህ ነበር። ማዕበሉ እውነት ነው። ለምን ብቻውን እንደወጣ ግን አልነገርሁህም።

ባሕሩ ከአባባ መቃብር ሊደርስ ጥቂት ክንድ ቀርቶት ነበር። እኔ ዐፅሙ ከባሕሩ ራቅ ወዳለ ቦታ ይዛወር አልሁ፤ ካቡዋ ደግሞ ከቦታው አይነሣ አለ። በመንደሩ አዳራሽ ሰው ሁሉ በየሰሌኑ ተቀምጦ ሳለ፣ ምክንያቱን መናገር ሲጀምር አቋረጥሁት። "አንተ ድሮም ፈሪ ነህ፤ ቁፋሮውን ፈርተህ አባባን ለዓሣ ትሰጠዋለህ" አልሁት። ሰዎች ሳቁ። እሱ ተነሥቶ ወጣ፤ ሰማዩ እየጠቆረ ታንኳውን ገፍቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን የተገኘችው ታንኳዋ ብቻ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር ያ ሳቅ ይመስለኛል። ጎደሬ ስቆፍር ከጀርባዬ የቆመ እየመሰለኝ እዞራለሁ። ሊቆጣኝ የመጣ አይመስለኝም፤ ያላስጨረስሁትን ሊጨርስልኝ ነው የሚመስለኝ።

ባለፈው ሳምንት የመቃብሩ ነገር በአዳራሹ እንደገና ተነሣ። አሁን የተቃወመችኝ ሚስቱ ኤሪሜታ ናት። ምላሴ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥ አድርጌ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ፣ "ኤሪሜታ፣ በደንብ ሰምቼሽ እንደሆነ፣ መቃብሩን ብናነሣ ካቡዋን የናቅነው ይመስልሻል ማለት ነው?" አልኋት።

"አይደለም እቴ" አለች። "አባታችሁ ሊሞት ሲል 'ሞገዱን እየሰማሁ ልተኛ' ብሎ ካቡዋን አስምሎታል። ያን ቀን ሊነግርሽ የነበረው ይህንኑ ነው።"

እስካሁን ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

"ማን ጠየቀኝ?" አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ከዚያ የእኔን ነገርኋት። ባሕሩ ካቡዋን ወስዶብኛል፣ አባባን ሲወስደው ደግሞ ቆሜ ማየት አልችልም አልኋት። የመንደራችን ሽማግሌ ታቡያ ሁለታችንንም ሳያቻኩል ሰማን። መፍትሔውን ያመጣችው ራሷ ኤሪሜታ ናት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሞገዱ ይሰማል አለች። ሄደን ጆሯችንን ሰጥተን አዳመጥን፤ እውነትም ይሰማል። ቅዳሜ አባባን እዚያ አሳረፍነው።

ካቡዋ ግን አሁንም ከጀርባዬ አልሄደም። ለመናገር የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ወንድሜ፤ እሱን መታገሥ አቃተኝ። ብትቆጣኝ እውነትህን ነው። የፈለግኸውን ጻፍልኝ፤ ምንም ቢመር እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።

እማማ ግንባርህን ትስምሃለች። ኤሪሜታ ሰላም ብላሃለች፤ ልጇ ሩቴ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጠይቃለች። ሽማግሌው ታቡያም በስምህ እየጠራህ ይጸልይልሃል።

እህትህ ቴሬቲያ
አባያንግ ደሴት፣ ኪሪባቲ
ጁላይ 14 ቀን 2019