ከበሩ በላይ ካለው ጽሑፍ ይልቅ

ጥቅምት 3
ገበያው ደህና ነበር። ሁለት ካርቶን የፀጉር ቅባት ገባ፤ ደርድሬ ጨረስኩ። ከሰዓት ዳሳሿ ደንበኛዬ መጣች። ሳትዳስስ ስለማትገዛ ያወጣሁላት ስም ነው። እንደ ልማዷ ጉንጉኔን እስከ ወገቤ በእጇ ተከትላ፣ "እትዬ፣ የቱን ነው የሚቀቡት?" አለች። ጣቴን ወደ መደርደሪያው ዘረጋሁ። ገዛች። ከበሩ በላይ ካለው ጽሑፍ ይልቅ የሚሸጥልኝ ይሄ ጉንጉን ነው።

ፊቴ ግን ሸጦልኝ አያውቅም። በሰላሳ ስድስት ዓመቴ ብጉር... የሚዋጠውን ኪኒን ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል፤ ግንባሬ ግን እየጠራ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያናግረኝ የሚያየው አገጬን ነበር። ትናንት አንዱ ደንበኛ ዓይን ዓይኔን እያየ አወራኝ።

ጥቅምት 11
ማበጠሪያው ላይ ፀጉር። ከወትሮው በዛ ያለ።

ጥቅምት 14
የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ ተደፈነ። ባለቤቴ በሽቦ ሲጎረጉር ቆይቶ ያወጣውን አንጠልጥሎ መጣ።
"ይቺ ድመት የማን ናት?"
እሱ መላጣ ነው። ስንጋባም ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። "አይዞሽ፣ በእኛ ወገን ሻምፑ ይተርፋል" አለኝ። ፊቴን አጠቆርኩበት። ሱቅ ስደርስ ግን ብቻዬን ሳቅኩ።

ጥቅምት 20
የኪኒኑን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩ። በደቃቁ ፊደል "ፀጉር ሊሳሳ ይችላል" ይላል። ዕቃ ስረከብ ደቃቁን ፊደል የማላልፍ ሰው... ይሄን እንዴት ዘለልኩት?
ላቁመው? ያ ፊት ተመልሶ ይምጣ? ወይስ ጉንጉኑ ይሂድ?
መላ አገኘሁ። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ የፀጉር ቫይታሚን እሸጣለሁ። ደንበኛ ሁሉ ያመሰግነዋል። ከነገ ጀምሮ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ራሴ የምሸጠውን ሌላ ቦታ ምን አስኬደኝ?

ኅዳር 6
ባሰብኝ። በቀኝ በኩል የራስ ቅሌ ቆዳ ይታያል። ጎረቤቴ ፀጉር ሰሪዋ የግራውን ወደ ቀኝ አምጥታ ሸፈነችልኝ።
"ያቺ ዳሳሽ እንዳታይሽ ብቻ።"
"አይታኛለች።"
"ምን አለች?"
"ምንም። የያዘችውን ቅባት ቦታው መለሰችው።"
አንድ ተጨማሪ መያዣ ሰካችልኝ። 

ኅዳር 8
ቫይታሚኑን በቀን ሦስት አደረግኩት።

ኅዳር 12
ኪኒኑን ያዘዘችልኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።
"ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"
"የለም።"
"ቫይታሚን እንኳ?"
"እሱማ መድኃኒት አይደለም። ዕቃ ነው።"
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አወጣሁላት። ጀርባውን አነበበች... የመጀመሪያው መስመር ቫይታሚን ኤ። የብጉሩ ኪኒን ራሱ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው አለችኝ። ሁለቱ ሲደራረቡ ጉበትም ይጎዳሉ፣ ፀጉርም ያረግፋሉ። ለሚረግፈው መድኃኒት ብዬ ማርገፊያ ስጨምርበት ከርሜያለሁ።
"ማን ሸጠልዎት?"
"አንዲት ነጋዴ።"
"የምትታመን ናት?"
"እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።"
ደም ሰጠሁ። ቫይታሚኑን አስቆመችኝ፤ የኪኒኑን መጠን ቀነሰችው። ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ወራት ይፈጃል አለች። ቃል አልገባችልኝም። ለዚህ ነው የወደድኳት።

ኅዳር 13
የደሙ ውጤት ደህና ነው። ተመስገን።
ከዚያ ቀጥታ ፀጉር ሰሪዋ ወንበር ላይ።
"ሁሉንም?"
"እስከ ጆሮዬ።"
"እርግጠኛ ነሽ?"
"ግማሹ ያለቀ ዕቃ መስታወት ውስጥ አይደረደርም።"
ቆረጠችው። አንገቴን በረደኝ። ባለቤቴ ዙሪያዬን ዞሮ አየኝ፤ "ፊትሽ እንዲህ ሰፊ ነበር እንዴ?" አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ "ጠርቷል ግን።"

ኅዳር 14
ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። "የብጉር ኪኒን የምትወስዱ ሐኪም ሳትጠይቁ ይሄን አትግዙ።" በትልቁ ፊደል።

ታኅሣሥ 21
ማበጠሪያው ላይ ዘጠኝ ፀጉር ብቻ። አዎ፣ ቆጠርኩ።

የካቲት 19
አንዲት ወጣት የፀጉር ቫይታሚን ፈልጋ ገባች። ወረቀቱን አላነበበችም፤ ማንም አያነብም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።
"የብጉር ኪኒን ጀምረሻል አይደል፣ የኔ እህት?"
ደነገጠች። "በምን አወቁ?"
"ከንፈርሽ ነገረኝ።"
ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብዬ ቦታው መለስኩት። ሐኪሟን እንድትጠይቅ ነግሬ የከንፈር ቅባት ብቻ ሸጥኩላት።
ዞር ስል ዳሳሿ ቆማለች። ከኅዳር ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ሁሉን ሰምታለች። ሳታስፈቅድ እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች። አዲሱ ፀጉር እንደ ብሩሽ ቆሟል።
"ይሄን ምን ቀብተውት ነው?"
"ምንም።"
መደርደሪያውን አየች፣ እኔን አየች።
"ለእኔስ... የቱ ይሆነኛል ይላሉ?"
ስንት ዓመት ስትመላለስ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። የምትጠይቀው ጉንጉኔን ነበር።
ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት።