እትዬ ዘይነባ ያልረሱት ፓስወርድ

ጥቅምት 10፣ ሰኞ ጠዋት
አሁንም ሰርቨሩ ላይ ተጥጃለሁ። ቢሮው ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ ተዛወረ፤ አሮጌውን የሊኑክስ ሰርቨር ወደ አዲሱ ማዛወር የኔ ዕዳ ሆነ። ፋይሉ ሁሉ ተሻገረ። ፓስወርዱ እምቢ። አሮጌው ፓስወርድ የሚመሰጥርበትን ዘዴ አዲሱ አይቀበልም፤ ደካማ ነው ይላል። በቃ፣ ሠራተኛው ሁሉ ፓስወርዱን እንደ አዲስ ያስመዘግባል። ዛሬ የሚወርድብኝን እርግማን አንተው ቁጠርልኝ፣ ደብተሬ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
የመዝገብ ቤቷ እትዬ ዘይነባ ትናንት ያንኑ የድሮውን ፓስወርድ አስመዘገቡ። ዛሬ አልገባ አላቸው። አደስኩት። ከምሳ በኋላ ደግሞ እምቢ። የቢሮው ልጆች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽህም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
እንደገና። አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እናታቸውን አነሱልኝ። እናትየዋንም መርሳት የጀመራቸው እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነበር፤ ኋላ የልጆቻቸውን ስም እስኪያጡ። ሰኞ አስተዳደር ሄደው ጡረታ ሊጠይቁ ነው። ስቀጠር «አብሽር» እያሉ ሥራ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። የፋይሉን ሁሉ ቦታ በቃላቸው ያውቃሉ። ይረሳሉ? አላምንም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ
አገኘሁት! አሮጌው ማሽን የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደላት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ቢጽፉ ይከፍታል። አዲሱ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ይመረምራል።
ሮጬ ወደ እትዬ ዘይነባ ወረድኩ። መጨረሻውን ሁሌ አንድ ዓይነት ነው ወይ የሚጽፉት አልኳቸው። አፈሩ። መጀመሪያው አይለወጥም፤ ቀጥሎ ግን ያን ቀን ያሳሰባቸውን ልጅ ስም ይጽፋሉ። አንዱ ሲታመም የሱን፣ አንዷ ፈተና ሲኖርባት የሷን። ሁሌ ስለሚከፍትላቸው ማሽኑ ሁሉንም የሚያውቃቸው መስሏቸው ኖሯል። ስሞቹን ላንተም አልነግርህም፤ ፓስወርድ ነው።
እትዬ፣ ምንም አልረሱም፣ ማሽኑ ነው ሳያነብ የኖረው አልኳቸው። በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አላስቻለኝም።
እንግዲህ አንዱን ስም ይምረጡ ስላቸው ግን ተቆጡ።
«ከልጆቼ አንዱን ምረጪ ትለኛለህ እንዴ? ወላሂ አላደርገውም!»
ስንት ፊደል ይችላል አሉ። የፈለጉትን ያህል አልኩ። ዙር አሉኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የቁልፎቹ ድምፅ ረጅም ቆየ። ያሏቸው ሦስት ልጆች ናቸው፤ ይሄ ከሦስት ስም ይበልጣል። ማንን እንደጨመሩ አልጠየቅኩም።
ከሲስተሙ ወጥተው ፓስወርዱን ደግመው አስገቡ። ተከፈተ። ጡረታው ይቆየኝ አሉ።